ዜሮ ክፍልን ያለ በጀት ወደ ልጆች ክፍል መቀየር

በመጀመሪያ የማስተማር ዓመቴ አንድ ረዥም ዱላ ነበረኝ። ለመምቻ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የፊደል ገበታ መጠቆሚያ ናት። እኔ እጠቁማለሁ፣ 50 ልጅ በአንድ ድምፅ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ይላል። ከደጅ ለሚሰማ ሰው ደስ ይላል። ርዕሰ መምህሩም በመስኮት ሲያልፉ ፈገግ ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ዱላዬ አዳለጠኝና ከ«ለ» ቤት ወደ «መ» ቤት ዘለለ። ልጆቹ ግን ምንም ሳይመስላቸው «ሉ፣ ሊ፣ ላ» እያሉ ቀጠሉ። ገረመኝ። ሆን ብዬ «ሸ» ላይ አሳረፍኩት። «ሌ፣ ል፣ ሎ» አሉኝ። ለካ ገበታውን የሚያይ የለም! የያዙት ዜማውን ነው። ፊደል አስተምራለሁ ስል ለካ ዘፈን ሳስጠና ነበር የከረምኩት።

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ቀን በኋላ ቀስ እያልኩ፣ እየተሳሳትኩም የደረስኩበት አሠራር ነው። የጻፍኩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል ለሚያስተምሩ ነው። ኦ-ክፍል ለሚባለው፣ ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት ለሚቆዩበት። የሕፃናት ክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ በ2002 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ እነዚህ ክፍሎች በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ በብዛት ተከፈቱ። ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ግን ከትልልቆቹ የተረፈ ክፍልና ከትልልቆቹ የተረፈ ዴስክ ነው። የማስተማሪያ ዘዴውም አብሮ ከትልልቆቹ ይመጣል።

«ልጅ ተኮር» ሲባል አንዳንዱ ሰው ውድ መጫወቻ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ልጆቹን ልቅ መልቀቅ ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። የሚቀየረው የመምህሯ ሥራ ነው፤ ከአፍ ወደ ዓይን ይዛወራል። ትንሽ ታወራለች፣ ብዙ ታያለች፣ ባየችው መሠረት ቦታውን ታዘጋጃለች። እንዲህ ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። ለኔ በጣም የከበደኝ አፌን መዝጋት ነበር።

1. ሦስት ቀን እዩ፣ ምንም አትቀይሩ

ትንሽ ደብተር ያዙ። ለሦስት ቀን የእረፍት ሰዓት ሻያችሁን ተዉትና ግቢ ውስጥ ቁሙ። ልጆቹ ምን ይጫወታሉ? ማን ከማን ጋር? ብቻውን ጥግ ይዞ የሚቆመው ማነው? ይህን ብቻ ጻፉ።

ክፍል ውስጥ እስከ 10 መቁጠር የማይሆንለት አንድ ልጅ ነበረኝ። ደጅ ብይ ሲጫወት ግን ስንት እንደተበላ፣ ስንት እንደቀረው፣ ትናንት ለማን ስንት እንዳበደረ በቃሉ ያውቃል። ማንም አያሞኘውም። ሂሳብ አቅቶት አልነበረም። የኔ ሂሳብ ነው ከምንም ያልቆጠረው።

ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወተዋን ልጅ እዩ። በአንድ እግሯ ሚዛኗን ትጠብቃለች። ተራዋን ትጠብቃለች። ጠጠሯ መስመር ላይ ሲያርፍ ገብቷል አልገባም ብላ ትከራከራለች። ቅልብልቦሽ የሚጫወት ልጅ ጣቶቹን እያሠራ ነው፤ ነገ እርሳስ የሚይዙት እነዚያው ጣቶች ናቸው። እቃቃ ላይ ደግሞ ሙሉ ቤተሰብ አለ፦ እናት፣ አባት፣ እንግዳ፣ ቡና፣ ኩርፊያም ጭምር። ከምናስተምረው ግማሹ እዚያ አቧራው ላይ ተቀምጧል። እኛ ደወል ደውለን እናቋርጠዋለን።

2. ክፍሉን አራግፉ

በአራተኛው ቀን ከጥበቃውና ከአንድ ሁለት ወላጅ ጋር ሆናችሁ ዴስኮቹን አንቀሳቅሱ። ግማሹን አስወጡ። የቀረውን ወደ ግድግዳ ግፉትና እንደ መደርደሪያ ተጠቀሙበት። መሐሉ ባዶ ይሁን። ሰሌን ካለ ሰሌን፣ ከሌለ የታጠበ ጆንያ አንጥፉ።

ከዚያ ተንበርከኩ። እውነቴን ነው፣ በጉልበታችሁ ቁሙና ክፍሉን ከልጅ ቁመት እዩት። እኔ ሳደርገው ያየሁት የዴስክ ሆድና የግድግዳ ቀለም ብቻ ነበር። የለጠፍኩት ሥዕል ሁሉ ለኔ ዓይን ነበር የተለጠፈው። ሁሉንም አውርዳችሁ በልጆቹ ደረት ልክ መልሳችሁ ስቀሉት።

ዕቃም እንዲሁ ነው። ልጅ ራሱ ማንሳትና ራሱ መመለስ የማይችለው ዕቃ የመምህሯ እንጂ የልጁ አይደለም። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን ስትከፍት ካደረገቻቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ወንበሩንም መደርደሪያውንም ወደ ልጆቹ ቁመት አወረደችው። ዛሬ በስሟ ብዙ ብር የሚያስከፍሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። መነሻዋ ግን ሳን ሎሬንዞ የሚባል የድሆች ሰፈር ነበር። ልጆቹም ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ጠባቂ ያጡ ነበሩ።

3. ኮርነሮቹን አንድ በአንድ ክፈቱ

ኮርነር የምለው አንድ ዓይነት ሥራ ወይም ጨዋታ የሚሠራበትን፣ ዕቃው የተዘጋጀለትን ጥግ ነው። ስድስት ኮርነር ያስፈልጋችኋል። ሁሉንም በአንድ ሰኞ አትክፈቱ። እኔ ከፍቼ ነበር፤ እስከ እረፍት ሰዓት ድረስ ክፍሉ መርካቶ ሆነ። በሳምንት አንድ ኮርነር ይበቃል። አዲሱ ኮርነር ሲከፈት ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አሳዩ፤ እንዴት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚመለስ።

*የቤት ኮርነር።* ከዚህ ጀምሩ፤ ማስተማር የማያስፈልገው እሱ ነውና። ጆሮው የተሰበረ ጀበና፣ ጥቂት የፕላስቲክ ሲኒ፣ አሮጌ ረከቦት፣ ትንሽ ሰፌድ፣ ነጠላ፣ የማይሠራ ስልክ። ወላጆችን ብትጠይቁ በሳምንት ውስጥ ይሞላል። ያቺ ዱላዬም እዚህ ሥራ አገኘች፤ መጋረጃ ተሸክማለች። የአባት ጃኬትና ኮፍያ አትርሱ። ወንዶቹ መጀመሪያ ይሽኮረመማሉ፣ ጃኬቱ ካለ ግን ሰተት ብለው ይገባሉ። ቆይቶ ወረቀትና እርሳስ ጨምሩበት። ሱቅ ከሆነ የዱቤ ደብተር ይኖራል፣ ጤና ጣቢያ ከሆነ ካርድ ይኖራል። «ጻፉ» ያላላቸው የለም፤ ግን ይጽፋሉ። መጫጫር ነው፣ ቢሆንም ጽሑፍ ለምን እንደሚጠቅም የገባው ልጅ መጫጫር ነው።

*የእጅ ሥራ ኮርነር።* የዚህ ኮርነር ንጉሥ ሊጥ ነው። ለስምንት ልጅ የሚበቃው ልክ ይህ ነው፦

2 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት
1 ኩባያ ጨው
1 ኩባያ የማይሞላ ለብ ያለ ውሃ
2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት

ዱቄቱንና ጨውን ቀላቅሉ። ዘይቱን ጨምሩ። ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አቡኩት፤ እጅ ላይ መጣበቁን ሲያቆም ደርሷል ማለት ነው። ለቢጫ እርድ፣ ለቀይ ደግሞ የተቀቀለ ቀይ ስር ውሃ ተጠቀሙ። ክዳን ባለው ዕቃ ከተቀመጠ ሳምንት ይቆያል። ጨው ስለበዛበት ማንም ሁለት ጊዜ አይቀምሰውም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባል የለ? አይበቃም። ለጣት ግን ይበቃል። ሊጥ የሚጠቀልል፣ የሚቆነጥር፣ የሚያድቦለቡል ጣት ከሁለት ወር በኋላ እርሳስ ሲይዝ አይንቀጠቀጥም።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ በዱቄት መጫወት ደስ አይልም። እኔም አንዴ የአንዷን ልጅ ዓይን አይቼ ነው የተውኩት። በሱ ፈንታ የሸክላ አፈር አምጡ። በወንፊት ነፍታችሁ ሌሊቱን በውሃ አሳድሩትና ጠዋት እሹት። እንዲያውም ከዱቄቱ ይበልጣል፤ ሲደርቅ ልጁ የሠራውን በሬ ይዞ ቤቱ ይሄዳል።

*የቁጥር ኮርነር።* የሃይላንድ ክዳን ሰብስቡ። ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ትልቅ፣ ትንሽ። ሁለት መቶ ያህል ካላችሁ ሀብታም ናችሁ። መለየት፣ መደርደር፣ ማመሳሰል፣ መቁጠር ሁሉም በክዳን ይሆናል። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ብትጨምሩ አንድ ጉድጓድ አንድ ክዳን እያሉ ሲያስቀምጡ ቁጥር ከቃል ወደ ዕቃ ይወርዳል። ገበጣ የሚችል ወላጅ ካለ ደግሞ ጥሩት፤ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ያሳያቸው።

ባቄላና ሽንብራን በተመለከተ ተጠንቀቁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ ሽንብራ አፍንጫው ውስጥ ከተተ። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ለመውጣትም ያስቸግራል። ጤና ጣቢያ ሄደን ወጣለት፤ የኔ ልብ ግን ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ ጥራጥሬ እኔ ባለሁበት ብቻ ይወጣል። ታናናሽ ልጆች አብረው የሚመጡ ከሆነ ጨርሶ አታውጡት፤ ትንንሽ ክዳንም ቢሆን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ማነቂያ ነው።

*የግንባታ ኮርነር።* ካርቶን፣ አናጢ ቤት የተጣለ የእንጨት ቁራጭ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ ባዶ ጣሳ ጠርዙ በፕላስተር ተጠቅልሎ። ቦታው ሰፋ ይበልና ከመተላለፊያ ይራቅ። ሰው እያለፈ የሚያፈርሰው ሕንፃ የጠብ ምንጭ ነው።

*የመጽሐፍ ኮርነር።* መጽሐፍ ከሌለ ሥሩት። ከጋዜጣና ከማሸጊያ ላይ ሥዕል ቆርጣችሁ ካርቶን ላይ ለጥፉ። ልጁ ስለ ሥዕሉ የሚናገረውን ከሥሩ በራሱ ቃል ጻፉለት። አራት ገጽ ይበቃል። ማጣበቂያ መግዛት አያስፈልግም፤ ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ እሳት ላይ እያማሰላችሁ ብታወፍሩት በቂ ኮላ ነው።

*አሸዋና ውሃ።* ከበሩ ውጭ፣ ከውስጥ ሆናችሁ የምታዩት ቦታ ላይ። የአሸዋ ክምር፣ ሁለት ሳፋ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ጆግ፣ ጣሳ፣ ወንፊት። ውሃ ጥልቅ አይሁን፤ ስትገቡም ይደፋ። ግቢያችን ይቆሸሻል የሚል ሰው አይጠፋም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1840 ለሕፃናት ቤቱ የሰጠው ስም «የሕፃናት አትክልት ቦታ» የሚል ነበር፣ የኛም «አፀደ ሕፃናት» ይህንኑ ነው የሚለው። አፀድ ያለ አፈር አይሆንም በሏቸው።

4. 50 ልጅን ማከፋፈል

ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። መልሱ የልብስ መቆንጠጫ ነው።

በእያንዳንዱ መቆንጠጫ ላይ የአንድ ልጅ ስም ይለጠፋል። ከስሙ ጎን ልጁ ራሱ የመረጠው ምልክት ይሳላል፤ ዓሣ፣ ጃንጥላ፣ ኳስ። በየኮርነሩ ገመድ ታስራላችሁ፣ ከገመዱ በላይ ስምንት ነጥብ ያለበት ካርድ ትሰቅላላችሁ። ልጁ መቆንጠጫውን ይዞ ይመርጣል፣ ገመዱ ላይ ያደርጋል፣ ይገባል። ስምንት ከሞላ ሞልቷል፤ ሌላ ቦታ ይሄዳል ወይም ቦታ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። የሚከለክለው ካርዱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ይህ ብዙ ለቅሶ ያድናል።

ስድስት ኮርነር በስምንት ልጅ 48 ይሆናል። የቀሩት ሁለቱ የቀኑ ረዳቶች ናቸው። ዕቃ ያድላሉ፣ ደወል ይደውላሉ፣ የፈሰሰ ይጠርጋሉ። ረዳትነት ቅጣት እንዳይመስላቸው ፈርቼ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ «ቲቸር፣ የኔ ተራ መቼ ነው?» ማለት ጀመሩ።

ከመግባታቸው በፊት ሁለት ሦስት ልጆችን «ዛሬ ምን ልትሠሩ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲጨርሱ ደግሞ «ምን ሠራችሁ?»። ማቀድ፣ መሥራት፣ መናገር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች የተጀመረ አንድ የቅድመ መደበኛ ፕሮግራም ይህን ቅደም ተከተል የሥራው መሠረት አድርጎት ነበር። መቆንጠጫው እንጂ ሐሳቡ የኔ አይደለም።

5. የቀኑ ውሎ

የኔ ቀን ይህን ይመስላል። እንደ ግቢያችሁ ቀያይሩት፤ ቅደም ተከተሉ ግን በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን። ሰዓት የማያውቅ ልጅ የሚተማመነው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ በማወቁ ነው።

2፡30 መቀበያ፤ እያንዳንዱን በስሙ
2፡50 ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ ወሬ፣ የቀን ስም
3፡10 ኮርነር
4፡00 ማጽዳትና መናገር
4፡15 ምሳ ዕቃና እረፍት
4፡45 ፊደልና ቁጥር በትንንሽ ቡድን
5፡15 የደጅ ጨዋታ
5፡40 ተረት
6፡00 ወደ ቤት

ተረት ላይ አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለን እንጨርስ የለ? እኔ ቃል በቃል ወሰድኩት። ተረቱን ራሳቸው ይመልሱታል። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ የተዛባውን ሦስተኛው ያርማል። ጅቡ አንዳንዴ መጨረሻ ላይ አይሞትም። ይሁን።

6. ኮርነር ውስጥ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

አትቀመጡ፣ ደብተር አታርሙ። ዙሩ፣ ዝቅ በሉ፣ እዩ።

መልሱን የምታውቁትን ጥያቄ ቀንሱ። «ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ፈተና ነው። «እንዴት ሠራሽው?»፣ «ይሄኛው ለምን ከታች ሆነ?»፣ «ቢወድቅስ ምን ታደርጋለህ?» ግን ወሬ ነው። ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ረዥም ነው፤ አሳከከኝ ትላላችሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ የሚመጣው አራት ላይ ነው።

አትሳሉላቸው። «ቲቸር፣ ፈረስ ሳዪልኝ» ስትል «ፈረስ ምን ምን አለው?» በሏት። እግር ትላለች። ስንት? አራት። በቃ፣ አራቱን እግር ትጀምራለች። የወጣው ነገር ድመት ቢመስልም የእሷ ነው።

ጠብ ሲነሳ ዳኛ ለመሆን አትቸኩሉ። ሁለቱ ጀበናውን ይዘው ይጓተታሉ እንበል። ዝቅ ብላችሁ ጀበናውን በእጃችሁ ያዙ፣ የምታዩትን ተናገሩ፦ «ሁለታችሁም ጀበናውን ትፈልጋላችሁ። ጀበናው ግን አንድ ነው። ምን ይሻላል?» በመጀመሪያው ሳምንት መልሱ «ለኔ ይሰጠኝ» ነው። በወሩ «አንቺ አፍዪ፣ እኔ ልቅዳ» ማለት ይጀምራሉ። መማታት ካለ ግን ውይይት የለም፤ ወዲያው ታስቆማላችሁ። ልጅ ተኮር ማለት ወሰን የለም ማለት አይደለም።

ክፍሉ ሲንጫጫ አትጩሁ። እኔ መሐል ቆሜ ለስለስ ባለ ድምፅ «ተረት ተረት!» እላለሁ። «የላም በረት!» ይሉና ጸጥ ይላሉ። የሚቀጥል ተረት እንዳለ ያስባሉ። አልፎ አልፎ እውነትም አጭር ተረት ንገሯቸው፤ ያለዚያ ይነቃባችኋል።

7. ፊደል ከስም ይጀምር

ገበታው ላይ 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ቅርጽ አለ። ደግሞ «ሀ»ና «ሐ»፣ «ሰ»ና «ሠ» ድምፃቸው አንድ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ ይህ ጫካ ነው። ጫካ ውስጥ መግቢያ በር ያስፈልጋል። በሩ የራሱ ስም ነው።

መቆንጠጫውን በየቀኑ ስለሚፈልግ ስሙን በሦስት ሳምንት ውስጥ ያለ ሥዕሉ ይለየዋል። ያኔ ሥዕሉን ቁረጡት። ከዚያ የጓደኛውን ስም ማንበብ ይጀምራል። «ቲቸር፣ የሱም ላይ የኔ አለች!» ያለኝ ልጅ አለ፤ የራሱን «በ» የሌላ ልጅ ስም ውስጥ አግኝቷት። ገበታው ፊት አንድ ዓመት ብቆም ያንን ደስታ አላየውም ነበር።

ቀጥሎ ጭብጨባ። ስሙን እየቆረጡ ያጨብጭቡ። አ-በ-በ፣ ሦስት ጭብጨባ፣ ሦስት ፊደል። ሊ-ያ፣ ሁለት ጭብጨባ፣ ሁለት ፊደል። ፊደላችን ለዚህ የተመቸ ነው። ችግር የምትፈጥረው ሳድስ፣ ማለትም እንደ «ም» ያለችው ስድስተኛዋ ቤት ናት። «ሰላም» ሲጨበጨብ ሰ-ላም ሁለት ነው፣ ሲጻፍ ግን ሦስት። ስለዚህ ሳድስ የሌለባቸውን ስሞች አስቀድሙ። ሌሎቹ ሲመጡ «ም» አፏን ዘግታ የተደበቀች ናት በሏቸው። እኔ «አኩኩሉ የምትጫወት ፊደል» ነው የምላት።

መጻፍ በእርሳስ አይጀመርም። ትሪ ላይ ደቃቅ አሸዋ ነስንሳችሁ በጣት። ከዚያ በሊጥ ወይም በጭቃ ጥቅል። ከዚያ አሮጌ የቀለም ብሩሽ በውሃ ነክሮ ግድግዳ ላይ፤ ፀሐይ ራሷ ታጠፋዋለች፣ የተሳሳተም አይታይም። ከዚያ ጠመኔ። እርሳስ አምስተኛ ነው። እጃቸውን ይዛችሁ አትጻፉ።

ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ካሉ አሥር ቃል ከእነሱ ተማሩ። ውሃ፣ ሽንት፣ አሞኛል፣ እናቴ፣ ና፣ ጎበዝ። ተሳስታችሁ ስትሉት ይስቁባችኋል። ያ ሳቅ ያለ ዋጋ የተገኘ ነው።

8. የምታዩትን ጻፉ

በቀን ሦስት ልጅ ምረጡ። ሃምሳውም በ17 የትምህርት ቀን ይዳረሳሉ። ለእያንዳንዱ ሁለት መስመር። «ጎበዝ ናት»፣ «ሰነፍ ነው» አትበሉ። ያያችሁትን ጻፉ፦ «ክዳኖቹን በቀለም ለየ። ቀዮቹን 7 ብሎ ቆጠረ፣ ነጮቹ ላይ ከ11 በኋላ ዘለለ።» ይህ ነገ ምን እንደምታደርጉ ይነግራችኋል፦ 11ን ተሻግሮ መቁጠር። «ጎበዝ» የሚለው ምንም አይነግራችሁም። በሁለተኛው ዙር ስማቸው ደብተሩ ላይ የጎደለ ልጆች ታገኛላችሁ፤ ዓይናችሁ የዘለላቸው ዝምተኞች ናቸው። እኔ ደብተሩን የምወደው ለዚህ ነው።

9. ወላጆች

ይመጣሉ። ማምጣትም አለባቸው ጥያቄውን።

«ቲቸር፣ የልጄ ደብተር ዛሬም ባዶ ነው። የጎረቤት ልጅ እኮ ኤቢሲዲ ጨርሷል።»

«ለጨዋታ ከሆነማ ሰፈር አይጫወትም ነበር?»

አትከራከሩ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ተከራክሬ ሁለት ልጅ አጥቻለሁ፤ ወላጆቻቸው ግድግዳው በእንግሊዝኛ ወደተሞላ የግል አፀደ ሕፃናት ወሰዷቸው። አሁን የማደርገው ሌላ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እጠራቸዋለሁ። ወሬ የለም፣ ኮርነሮቹ ውስጥ አስገባቸዋለሁ። መቆንጠጫ እሰጣቸዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ የታክሲ ሹፌር አባት የግንባታ ኮርነር ገብተው ለአርባ ደቂቃ አልወጡም። ሲወጡ «ለካ ያስባል» አሉኝ። ልጃቸውን ይሁን ራሳቸውን አልጠየቅኳቸውም።

የሚታይ ነገርም ይፈልጋሉ፣ ፍትሐዊ ነው። ስለዚህ በየወሩ አንድ ወረቀት ወደ ቤት ይሄዳል፦ ልጁ የሳለው፣ ከሥሩ ልጁ የተናገረው በኔ እጅ የተጻፈ፣ ስሙ ደግሞ በራሱ እጅ። የመስከረሙንና የጥሩን ጎን ለጎን ያየች እናት ስለ ደብተር አትጠይቅም።

ያላቸውን ሙያም ተበደሩ። ሸማኔ አለ፣ ስፌት የምትሰፋ አለች፣ አናጢ አለ። ግማሽ ሰዓት መጥተው ፊታቸው ይሥሩ። ማስተማር አያስፈልጋቸውም።

10. ሱፐርቫይዘር ሲመጣ

የዕለት ዕቅድ ይጠይቃል። ስለዚህ ኮርነርን ዕቅድ ላይ በሙሉ ስሙ ጻፉት፦ ዓላማው፣ ዕቃው፣ የምታዩት ነገር። «ነፃ ጨዋታ» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ሥራ ፈት ትባላላችሁ። የክትትል ደብተራችሁንም አብራችሁ አሳዩ፤ ከኔ ያየው ሱፐርቫይዘር የተቆጣው ሊጡ ልብሱን ሲነካው ብቻ ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ

ሰኔ ላይ ዕቃውን ከልጆቹ ጋር እጠቡ፤ ይወዱታል። ክዳኖቹን በጄሪካን፣ መጻሕፍቱን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ከመሬት ከፍ አድርጉ። ካርቶኑን አታቆዩት፤ ክረምት ያሻግተዋል። ጥራጥሬውን አስረክቡ ወይም ቀቅላችሁ ብሉት፣ ያለዚያ መስከረም ላይ የሚቀበላችሁ ነቀዝ ነው። ሊጡን እኔ አንድ ዓመት ረስቼው ነበር። ሽታው እስከ መስቀል ድረስ አልወጣም።